ሚኒሞ

ሲሮጥስ ደህና ነው፤
ሐረጎን ሲወጣ ጭነት አይከብደው፣
ያ ጠመዝማዛ መንገድ ትንፋሽ አያሳጥረው።
ሲቆም ነው ጉዱ።
ፒያሳ ስደርስ፣ ትራፊኩ «ቁም» ሲል እጁን ዘርግቶ፣
ይንዘፈዘፋል፣ ወባ እንደያዘው ሰው ብርድ ልብስ አጥቶ።
መሪው በእጄ ላይ ይርገበገባል፣
በመስታወቴ ውስጥ ጦሳ ተራራ ሁለት ይሆናል፤
አንዱን ምት ይመታል፣ አንዱን ይረሳል፣
ሞተ ስል ደግሞ ነፍሱ ትመለሳል።

ጋቢና የተቀመጠች የሰኞ ገበያ ነጋዴ፣ ዘንቢሏን አቅፋ፣
«አያ ሹፌር፣ ከሥሬ ያለው ነገር በረደው ወይስ አኮረፋ?»
ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ኪሴ ግን አልሳቀ፣
የዕቁብ ብሬ ካንዴላና ፊልትሮ ላይ አለቀ።

«ካንዴላ ነው» ተባልኩ፤ አራቱንም ቀየርኩ፣
«ካርቡራተር» ተባልኩ፤ አስፈትቼ አሳጠብኩ፣
«የሰው ዓይን» ያለም ነበር፤ ለሱም ጨው ቋጥሬ መሪው ላይ አሰርኩ።
አንዱ ብልጥ በካቻቢቴ ሚኒሞውን ከፍ አደረገልኝ፣
መንቀጥቀጡ ቀረና ቤንዚኔን እንደ ጠላ ጠጣብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙን ከላይ ትቼ ኮምቦልቻ ገባሁ፣
ከቦርከና ድልድይ ማዶ የአያ አሊጋዝን ጋራዥ አገኘሁ።
ጆሮው ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው።
ይኼን ማንም አልነገረኝ።
የጋቢናውን ወንበር ገልብጦ «በል አስነሳው» ሲለኝ፣
«ተነስቷል እኮ!» ብዬ ስጮህ ነው ልጅቷ በዓይኗ የጠቀሰችኝ።
ጆሮ የሌለው መካኒክ! አበስኩ ገበርኩ አልኩ በልቤ፣
ምን አመጣኝ ከደሴ ድረስ፣ ቤንዚን ከስክሼ፣ ተርቤ?

እሱ መዳፉን ቴስታታው ላይ አሳረፈ፣
ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ደቂቃ አለፈ።
«አራቱም ይመታሉ» አለ። «ካንዴላህን በከንቱ ነው የጣልከው።
አየር የሚሰርቅ አለ፤ ከደጅ የሚገባ፣ ያልተጠራ።
ረምላ! ጆሮሽን አምጪልኝ፤ የቀረው ያንቺ ሥራ።»

መጣች፤ ሻሿን በክንዷ ገፍታ፣
ቁራጭ ጎማ ከመሬት አንስታ።
አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ፣ አንዱን ከሞተሩ ጥግ ጥግ እያዞረች፣
ቱቦ በቱቦ፣ ጓርኒሲዮን በጓርኒሲዮን ሄደች፤
ቆመች።
«ያፏጫል» አለች።
ከላስቲክ ኩባያ ውሃ በጣቷ ጠብ አደረገችበት፣
ሞተሩ ለአንዲት ትንፋሽ ረጋ፤ ውሃው ተሳበና ደግሞ ባሰበት።
በሆዱ በኩል፣ ዓይን በማያየው፣ ከፋሼታው ሥር ተሰንጥቆ፣
ጥፍር የማታህል ቀዳዳ፣ ያን ሁሉ ወር እኔን አስጨንቆ!

«ይኼ ቱቦ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?» አለኝ አያ አሊጋዝ።
«ወደ ፍሬን።»
ፔዳሉ ሰሞኑን ጠንክሮብኝ ነበር።
እግሬ የደከመ፣ እኔ ያረጀሁ መስሎኝ ነበር።
ሐረጎን አሰብኩት፤ ትላንት ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰው ይዤ፣
እያፏጨሁ ስወርድ፣ መሪውን በአንድ እጅ ይዤ።

ከፊት ለፊት ሱቅ አንድ ክንድ ቱቦ፣ ሁለት ፋሼታ ገዛሁ።
ረምላ አሰረች፤ ያን ብልጥ የሰቀለውን ሚኒሞ
ሩብ ዙር፣ ደግሞ ሩብ ዙር፣ ወደ ቦታው መለሰችው።
አያ አሊጋዝ መዳፉን አስደገፈና ፈገግ አለ፦
«አሁን ምንም አልሰማም።»
ሂሳብ ስጠይቅ ወደ ልጅቷ ጠቆመ፤ «ለጆሮዋ ክፈል፣ የእኔስ እጅ ነው» አለ።
«ደሴ አየሩ ይሳሳል፤ ትንሽ ቢለወጥብህ አትነካካው፣ አብሽር።»

ማታ ፒያሳ፣ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ፣
ቆምኩ።
በመስታወቴ ውስጥ ጦሳ አንድ ሆኖ ረጋ።
መሪው እጄ ላይ ተኝቷል።
ልቤ ደነገጠ፦ ጠፍቷል!
ቁልፉን ባዞረው «ክርርርር!» ብሎ ጮኸብኝ፣
ከኋላ አንዱ «አያ ሹፌር፣ የነቃ አይቀሰቀስም» አለኝ።
እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።
የትራፊኩ እጅ እስኪወርድ ጠበቅን።